ሲስተር መርል የምትጠይቀው ውሃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ቤት ስገባ ዓይኔን መከልከል አቅቶኛል። ገና በሩ ላይ ሆኜ የጫማዎቹን ተረከዝ አያለሁ፤ በየትኛው በኩል እንደተበላ። የምንጣፉ ጠርዝ ተነሥቶ እንደሆነ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት እንደሚሠራ፣ ባለቤቱ ከሶፋው ሲነሣ በእጁ ተደግፎ እንደሆነ አያለሁ። ባለፈው ሰሞን እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ አካባቢ የምትኖረው ጓደኛዬ በላይነሽ ምሳ ጠርታኝ፣ ፍሪጇን ከፍቼ ስመረምር ደረሰችብኝ። «የሺ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ! የእኔን ፍሪጅ ተይው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወተቱ ግን ቀኑ አልፎበት ነበር።

ይህን አመል ያስያዘችኝ ሲስተር መርል ናት። ከትሪኒዳድ የመጣች፣ በዕድሜም በሥራም የምትበልጠኝ ነርስ ነበረች። እኔ እንደ አገሬ ልማድ «ሲስተር» ብዬ ጠራኋትና መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተከትሎኝ ሲስተር ሆና ቀረች። በአማርኛ ብናወራ ኖሮ አንቱ እላት ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ ስለዚህ እዚህ «እሷ» እያልኩ ስጽፍ አንባቢ ንቀት እንዳይመስለው።

ጎንደር ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ቶሮንቶ ስገባ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና መለሱልኝ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ማመልከቻውና ስለ ደሞዙ ብዙ አልልም፤ በዚያ ዘመን የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። የነርስነት ፈቃዴን እስካገኝ ድረስ ስካርቦሮ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን ማጠብና ማልበስ ያዝኩ። እዚያ የማልረሳቸው አንድ የዩክሬን ሽማግሌ ነበሩ። እርጅናው እንግሊዝኛቸውን ወስዶባቸው በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ቀርተዋል። ቀኑን ሙሉ ይናገራሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ሠራተኞቹ ደጎች ነበሩ፣ ቤቱም ንጹሕ ነበር። ያም ሆኖ እኒያን ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ገና ሲጀምሩ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ባለ አንድ የጤና ጣቢያ ተቀጠርኩ። እዚያ ሰፈር የዓለም ሕዝብ በፎቅ ላይ ፎቅ ተደራርቦ ይኖራል። ጤና ጣቢያው በእግር ቅርብ ነው፤ ሰው ግን አይመጣም። አንዱ ሺፍት ላይ ነው፣ አንዷ ልጅ የሚይዝላት የላትም፣ ሌላው ቋንቋው አይችልም። ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት ደግሞ ከላይ ያሉት አረጋውያን እዚያው ይቀራሉ። ማናጀራችን ዴቪድ ረጅም፣ ደግ፣ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር። በስብሰባው ላይ «ሰዎቹ ለምን አይመጡም?» እያለ በየወሩ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሲስተር መርል የሻይ ኩባያዋን አስቀምጣ፣ «ሰው ሐኪም ቤት ለመሄድ ይሰንፋል፤ ልብሱን ለማጠብ የማይወርድ ግን አላየሁም» አለች።

ዴቪድ ይህችን ይዞ ሄደና ከአንደኛው ሕንጻ ባለቤቶች ጋር ተሟግቶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ የነበረችውን ዕቃ ቤት አስለቀቀልን። ማሽኑ ልብሱን እስኪያሽከረክር እኛ ግፊት እንለካለን፣ የስኳር ሕመምተኞችን እግር እናያለን፣ ክትባት እንሰጣለን። ክፍሏ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። መውረድ የማይችሉትን ደግሞ ወደየቤታቸው እንወጣላቸው ጀመር። እኔ ከሲስተር መርል ጋር የወጣሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን በሥራዋ ተናድጄ ነበር። እኔ ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን ከፍቼ የግፊት መለኪያውን አወጣለሁ። እሷ ቦርሳዋን በር ላይ ትተዋለች። እጇን በሙቅ ውሃ ትታጠባለች፤ ሰው በበረደ እጅ መነካት አይወድም ትላለች። ከዚያ ከሁሉ ዝቅ ያለውን መቀመጫ ፈልጋ ትቀመጥና «አንድ ብርጭቆ ውሃ አገኛለሁ?» ትላለች። በየቤቱ ውሃ! አንድ ቀን ደረጃ ስንወርድ «ሲስተር መርል፣ ስኳርሽን ተለክተሻል ወይ? ጥማትሽ በዛ» አልኳት። ደረጃው ላይ ቆማ እስክትደክም ሳቀች።

«አልጠማኝም» አለችኝ። «ሲነሡ አየሻቸው? ስንቴ ሞከሩ? ብርጭቆውን ሊያወርዱ ክንዳቸውን ሲያነሡስ? ፍሪጁ ሲከፈት ውስጡን አይተሻል? ብርጭቆው ካልጠራ ዓይናቸው ደክሟል። ውሃው ከተደፋ እጃቸው ነው። ረስተው ባዶ እጃቸውን ከመጡ ደግሞ ያ ሌላ ነው። ‘እንዴት ነዎት?’ ብለሽ ብትጠይቂ ግን ‘ደህና’ ይሉሻል።»

በተለይ የእኛ ሰው። እግሩ ተቆርጦም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃ መጠየቅን ተማርኩ። አበሻ ቤት ግን ውሃ ብቻውን እንደማይመጣ ለሲስተር መርል የነገራት አልነበረም። ዳቦው ይከተላል፣ ሽሮው ይከተላል፣ «በሞቴ» ይከተላል። የኛን ቤቶች መዞር ከጀመረች ወዲህ ቀበቶዋን አላልታለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እማማ አስካለን ነበር። እማማ አስካለ ደብረ ብርሃን የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ ድምፃቸው ከወፍጮው በላይ መሰማት የለመደ ነው። ልጃቸው ሕይወት ስፖንሰር አድርጋ አመጣቻቸው። እሷ ባል አግብታ ወደ ብራምፕተን ስትሄድ እሳቸው «ቤተ ክርስቲያኔ ሩቅ ይሆንብኛል» ብለው እዚያው ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ቀሩ። ስኳር አለባቸው። ጠዋት የሚወስዱት ክኒን ስኳሩን ወደ ታች የሚያወርድ ስለሆነ ምግብ ካልተከተለው አደገኛ ነው። ታዲያ እማማ አስካለ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሚጾሙት።

ደጋግሜ ነገርኳቸው። ስኳር ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ያኔ ጁስ ይጠጡ አልኳቸው። ገለባ ያላትን ትንሽ የብርቱካን ጁስ ገዝቼ መደርደሪያቸው ላይ አስቀመጥኩ። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «እሺ»ታቸው በጣም ቀለለኝና አላመንኩትም።

ስብሰባ ላይ ነገሩን ሳነሣ፣ ለምን ካህኑ አይነግሯቸውም ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ። ቀሲስ ተክሌ፣ የብዙዎቹ የነፍስ አባት፣ ጉዳዩን ስነግራቸው ወዲያው ተስማሙ። የሁዳዴ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ «የታመማችሁ ሐኪማችሁን ስሙ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛ ጹም አትልም» ብለው በግልጽ ተናገሩ። ምእመኑ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። የእማማ አስካለ አሜን ከሁሉ በላይ ተሰማ። ሲወጡ ክንዴን ያዙና፣ «ጎሽ፣ እንኳን ተነገረ። ያቺ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ እኮ ስኳር እያለባት ራሷን ልትገድል ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ለወይዘሮ ጥሩነሽ ማሰባቸውን እንጂ ራሳቸውን መዝለላቸውን ልብ አላልኩም።

ጾሙ ሲጋመስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከእማማ ፊት ለፊት የምትኖረው ፊሊፒናዊት የመውደቅ ድምፅ ሰማች። በሩን የከፈተው ሱፐሩ፣ የሕንጻው ተቆጣጣሪ ነው። እማማ አስካለ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ነበሩ፤ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተዋል፣ ዳሌአቸው ተሰብሯል። አምቡላንስ ከወሰዳቸው በኋላ ከሲስተር መርል ጋር ቤቱን ልንዘጋ ገባን። ጁሷ መደርደሪያው ላይ እንዳለች ነበረች፤ ገለባዋ እንኳ ከላስቲኩ አልወጣችም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሆስፒታል ሄጄ ሲነቁ፣ «እማማ፣ አልተንቀጠቀጡም? አላላበዎትም?» አልኳቸው።

«ኧረ ተንቀጥቅጬ ነበር!» አሉ በደከመ ድምፅ። «ላቡም እንደ ጉድ ነበር። ታዲያ ጾም እኮ ነው ልጄ። ጾም ካላደከመ ምኑን ጾም ሆነ? ዘንድሮ እግዜር ተቀብሎልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እኔ የአደጋ ምልክት ብዬ ያስተማርኳቸው ሁሉ እሳቸው ዘንድ የጾሙ በረከት ምልክት ነበር። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም፣ ማወቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ፤ እናቴም እንዲሁ እየተንቀጠቀጠች ነው የጾመችው።

ሕይወት በተራዋ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሲስተር የሺ፣ እኔ ከዚህ በላይ ሪስክ ማድረግ አልችልም። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ነርሲንግ ሆም አፕላይ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ዎርክ ላይ ሆኜ ኮል አድርገው ሞታለች ቢሉኝስ?»

ልጅ ናት፣ እናቷን ትወዳለች። እኔ ግን የታዩኝ እኒያ የዩክሬን ሽማግሌ ናቸው። እማማ አስካለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩና ማንም ሳይመልስላቸው ታየኝ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ከነርስነት ጋር አስታርቄው አላውቅም፤ የእኛ ሥራ መከራው ሳይቀድም መድረስ ነው። «እባክሽ ጥቂት ጊዜ ስጪን» አልኳት።

ሲስተር መርል ማንንም አልወቀሰችም። በማግሥቱ የልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ኩባያ እያጠበች፣ «የሚሰሙትን ሰው አግኝተን ነበር» አለችኝ። «ግን ለሁሉም አስነገርነው። አንቺ ለሁሉም የተነገረ ምክር ላንቺ መስሎሽ ያውቃል?»

ወደ ቀሲስ ተክሌ ሄድን። እዚህ አገር ካህናቱ እሑድ ካባ፣ ሰኞ ዩኒፎርም ይለብሳሉ፤ ቀሲስም በአዘቦት ቀን ከብሉር ጎዳና ወረድ ብሎ ባለ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። በረዶው እየቀለጠ ጫማችንን አርሶታል። መኪና ሲመጣ ትኬት ይሰጣሉ፣ ሲያልፍ ወደ እኛ ይመለሳሉ።

«ነግሬያቸው ነበር እኮ፤ አሜን ብለዋል» አሉ በሐዘን።

«አባቴ፣ እማማ አስካለ ለወይዘሮ ጥሩነሽ የተነገረ ነው የመሰላቸው» አልኩ።

መሳቅ ጀመሩና አቆሙት። አንድ መኪና አሳለፉ፣ ሌላም አሳለፉ። ከዚያ መስኮቷን ወደ ታች ገፍተው፣ «ጥፋቱ የኔም ነው። ንስሐ በጅምላ አይሰጥም። ነፍስ አንድ በአንድ ናት። ሺፍቴን ቀይሬ ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ።

ሐሙስ እማማ አስካለ ወዳሉበት የማገገሚያ ክፍል ሲስተር መርል ሦስት ወንበር አመጣች። አንዱ ለእማማ፣ አንዱ ለቀሲስ፣ አንዱ ለእኔ። እሷ እንደ ልማዷ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሕይወት መስኮቱ ጋ ቆማለች። ቀሲስ መስቀላቸውን አሳለሙና፣ «ወለተ ሥላሴ» ብለው ጠሯቸው። የክርስትና ስማቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ አስካለም ሲሰሙት እንደ ልጅ ዝቅ አሉ።

«በሽተኛ ነሽ» አሏቸው ቀሲስ።

«አባቴ፣ በሽተኛስ አይደለሁም። ስኳር ብቻ ነው።»

«በሽተኛ ነሽ እያልኩሽ ነው፣ ወለተ ሥላሴ። አንቺን ነው።»

እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾሜን ሽሬ አላውቅም። ለመሞቻዬ የቀረኝ እሱ ነው። አሁን እሱንም ልትወስዱብኝ ነው?» አሉና እንባቸው ወረደ።

«ማን ይወስድብሻል? ሥጋ ብይ አላልኩሽም፣ ወተት ጠጪ አላልኩሽም። የምሰጥሽ ቀኖና ነው። ጠዋት ጸሎትሽን ታደርሻለሽ፣ የጾም ቁርስሽን ትበያለሽ፣ ከዚያ መድኃኒትሽን ትውጫለሽ። ሲያንቀጠቅጥሽ ጁሷን ትጠጫለሽ። ይህን የተውሽ ቀን ጾምሽን እንደ ገደፍሽ እቆጥርብሻለሁ።»

«ሳልበላ ከዋልኩ ገደፍኩ?»

«ገደፍሽ።»

ለሲስተር መርል በጆሮዋ ተረጎምኩላት። አፏን በእጇ ሸፈነች። እማማ አስካለ እንባቸውን ጠርገው፣ «ይሄ ከጾሙ ይከብዳል» አሉ፤ «ሰው ሁሉ ሳይበላ እኔ ብቻዬን በልቼ ማፈሩ።»

«አዎ፣ ይከብዳል» አሉ ቀሲስ። «ለዚህ ነው ቀኖና ያልኩት።»

ሐኪማቸውም ነገሩን ሲሰማ ክኒኑን ስኳር እንዲህ ወደማያወርድ ቀየረላቸው፤ ለሚቆርቡበት ቀንም ከቀሲስ ጋር በስልክ ተነጋግረው ሰዓቱን አመቻቹ። አንድ ሐኪምና አንድ ካህን ስለ አንዲት አሮጊት ቁርስ ሲመካከሩ መስማት ምን ያህል ደስ እንደሚል አልነግራችሁም። ሕይወት ግን በቀላሉ አልተረታችም። «ፍልሰታን አያለሁ» አለች። «ፍልሰታን ሳትወድቅ ከጨረሰች ትቆይ። ኢፍ ኖት፣ ነርሲንግ ሆም። ፕሊስ እንዳትቀየሙኝ።»

ያ ነሐሴ ለእኔም ጾም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከክፍላችን እደውላለሁ፤ እማማ ስልኩን አንሥተው ሰላምታ ሳይሰጡ «አድርሻለሁ!» ይላሉ። ቁርሳቸው አጃ በውሃ፣ ወይ ዳቦ በተልባ ነው። አንድ ቀን ስልኩ ሳይነሣ ቀረና ሊፍቱን ሳልጠብቅ ደረጃውን ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ በዎከር፣ በዚያ ባለ አራት እግር መደገፊያ ተደግፈው፣ ጁሷን በገለባ እየመጠጡ ነበር። «እጄ ራደብኝ» አሉ፤ «እንዳልገድፍ ብዬ ነው።» በሩ ላይ እንደቆምኩ አቀፍኳቸው። ፍልሰታ ሲፈታ ሕይወት ዶሮ ይዛ መጣች። ስለ ነርሲንግ ሆም ሳታነሣ ሄደች።

ያ የሦስት ወንበር ቀጠሮ እዚያ አልቆመም። ሲስተር መርል ለእያንዳንዱ አስቸጋሪ ሕመምተኛ «ሦስተኛው ወንበር የማን ነው?» ማለት ጀመረች። ይህ ሰው የሚሰማው ማንን ነው ማለቷ ነው። አንድ የስሪላንካ ሽማግሌ የሚሰሙት ታላቅ እህታቸውን ብቻ ስለነበር፣ ሴትየዋ ከኮሎምቦ በስልክ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ከፀጉር ሠሪዋ በቀር ማንንም አታምንም ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋን ጠራናት። ዴቪድ ነገሩን ሦስት ክብ ሥሎ፣ ረጅም ስም አውጥቶለት በየስብሰባው ያሳይ ጀመር። ስሙን እስከ ዛሬ ማስታወስ አልቻልኩም። ለዚያ ሥራ ተጨማሪ ነርሶች ያስቀጠረልን ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ በክቦቹ አልሥቅበትም፣ በጥቂቱ ካልሆነ በቀር።

ሲስተር መርል ጡረታ ወጥታ ትሪኒዳድ ገባች። ስትሰናበተኝ ምንም ምክር አልሰጠችኝም፤ እጄን ይዛ ሙቀቱን አየችና «ጥሩ ነው» አለች። እኔም ብዙ ዓመት ብቻዬን ውሃ ስጠይቅ ኖሬ የጡረታ ተራዬ ደረሰ።

በመጨረሻው ሳምንት ሕይወት ደወለችልኝ። እማማ አስካለ በጣም አርጅተዋል። «እሷ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለኝ» አለች። «አንቺ ሄደሽ እይልኝና እውነቱን ንገሪኝ። አሁንስ ጊዜው ነው?»

አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቦርሳዬን በር ላይ ተውኩ፣ እጄን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣ ዝቅ ያለችዋ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይሰጡኛል?» አልኩ።

ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ዎከራቸውን ያዙና በሁለተኛው ሙከራ ተነሡ። በዝግታ ሄዱ። ፍሪጁን ከፈቱ፤ ውስጡ የተከደነ ሽሮ፣ ቲማቲም፣ ጁስ አለ። በዎከር ብርጭቆ መያዝ አይቻልምና ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው፣ ከዎከሩ ፊት በእጃቸው በሰፉት ኪስ ከብርጭቆው ጋር ከተው አመጡልኝ። አጠገቤ ደርሰው ራሳቸው ቀዱ። ጠብ አላለም።

«አየሽኝ?» አሉኝ።

«አየሁዎት፣ እማማ።»

«ያቺ መርል ከመጣች ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ሰው እኔ ቤት ሲገባ ብቻ ይጠማዋል እንዴ?» ሣቁ፤ ያ የወፍጮ ቤት ሣቅ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሕይወት ገና ቤቴ ነኝ በያት። ለምትተካሽ ልጅም ንገሪያት፣ አትፈር፣ መጥታ ውሃ ትጠይቀኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እነሣለሁ።»

ብርጭቆውን ተቀብዬ እስከ ታች ጠጣሁት። የዚያን ዕለት በእውነት ጠምቶኝ ነበር።